ቀለም ያልያዘው ሕዋስ

የሰው አንጎል ስንት የነርቭ ሕዋስ እንዳለው ለማወቅ ብራዚላዊቷ ሳይንቲስት ሱዛና ሄርኩላኖ-ሁዜል የመረጡት መንገድ ለሚሰማው ይዘገንናል። ሪዮ ዴ ጄኔሮ በነበረው ላቦራቶሪያቸው የሟች አንጎል በኬሚካል ከጸና በኋላ ይቆራረጣል፤ ከዚያም ስብ የሚያሟሟ ፈሳሽ ተጨምሮበት በመስታወት ማድቀቂያ ውስጥ ይታሻል። የሕዋሳቱ ሽፋን ይሟሟና አስኳላቸው ብቻ ይቀራል። የሚገኘውን ድፍርስ ፈሳሽ ሳይንቲስቷ ራሳቸው «የአንጎል ሾርባ» ይሉታል። አንድ የነርቭ ሕዋስ ያለው አስኳል አንድ ብቻ ስለሆነ የቀረው ሒሳብ ነው። ሾርባውን በደንብ በጥብጦ ጥቂት ጠብታ መውሰድ፣ በማይክሮስኮፕ ሥር አስኳሎቹን መቁጠር፣ ከዚያም ባለው የፈሳሽ መጠን ማባዛት።

ችግሩ አንጎል የነርቭ ሕዋሳት ብቻ መኖሪያ አለመሆኑ ነው። የሚደግፏቸው፣ የሚመግቧቸውና የሚጠብቋቸው ግሊያ የተባሉ ሕዋሳት አሉ፤ የደም ሥር ሕዋሳትም አሉ። ሾርባው ውስጥ ሁሉም አስኳል ተቀላቅሏል። ዳፒ የተባለው ቀለም ዲኤንኤ ያለበትን ሁሉ ሰማያዊ ስለሚያደርግ ከዚህ ውስጥ የነርቭ ሕዋሱ የቱ እንደሆነ አይነግርም። ይህን የሚለይ አንድ ነገር ያስፈልጋል፤ እሱም አንቲቦዲ ነው፣ ማለትም ሰውነት ባዕድ ነገር ሲገባበት የሚያመርተው ፀረ እንግዳ አካል። የነርቭ ሕዋስ አስኳል ውስጥ ብቻ የሚገኝን አንድ ፕሮቲን ፈልጎ የሚጣበቅ አንቲቦዲ፣ ቀለም ተሸክሞ ወደ ሾርባው ይገባል። ቀለም የያዘው ይቆጠራል፤ ያልያዘው በሌላው ወገን ይመዘገባል።

ውጤቱ በ2009 ታተመ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 71 ከሆነ አራት ወንዶች የተወሰዱት አንጎሎች በአማካይ 86 ቢሊዮን የነርቭ ሕዋሳት፣ ከዚያ ጋር የሚቀራረቡ 85 ቢሊዮን ያህል ሌሎች ሕዋሳት ነበሯቸው። እስከዚያ ድረስ የመማሪያ መጻሕፍት 100 ቢሊዮን የነርቭ ሕዋስ፣ የዚህ አሥር እጥፍ ደግሞ ግሊያ አለ እያሉ ሲጽፉ ኖረዋል፤ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ተጠይቆ በቂ መልስ የሰጠ ግን አልነበረም። ሌላም የሚያስገርም ነገር ወጣ። ከ86 ቢሊዮኑ ውስጥ 69 ቢሊዮኑ የሚገኙት ከራስ ቅል በስተኋላ ባለው በትንሹ አንጎል ውስጥ ነው። የምናስብበት ነው እያልን የምንኮራበት የአንጎል ቅርፊት የደረሰው 16 ቢሊዮን ብቻ ነው።

ዛሬ በየመጽሔቱና በየትምህርት ክፍሉ የሚጠቀሰው 86 ቢሊዮን የሚባል ቁጥር እንግዲህ የቆመው በአንድ አንቲቦዲ ላይ ነው። የሚይዘው ነገር ኒዩኤን ይባላል። የሪዮ ተመራማሪዎች አስኳል ሲቆጥሩ በነበረበት ጊዜ ኒዩኤን ምን ዓይነት ፕሮቲን እንደሆነ በዓለም ላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አንቲቦዲን ለምርምር የመጠቀም ሐሳብ ቀደም ያለ ነው። በ1941 አልበርት ኩንስ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ሃርቫርድ ሆነው ብርሃን የሚሰጥ ቀለም ከአንቲቦዲ ጋር አያይዘው ባክቴሪያን ማየት እንደሚቻል አሳዩ። ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን በ1975 ካምብሪጅ ላይ ነው። ጆርጅ ኮለርና ሴዛር ሚልስታይን ክትባት ከተሰጣት አይጥ ጣፊያ የወጣን አንቲቦዲ አምራች ሕዋስ ከካንሰር ሕዋስ ጋር አዋሐዱት። ከጣፊያው የመጣው ሕዋስ ብቻውን ቢሆን በቀናት ውስጥ ይሞታል፤ ከካንሰሩ ጋር ሲዋሐድ ግን ሳይሞት እየተራባ አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ብቻ ያለማቋረጥ ያመርታል። ሁለቱ ሰዎች በ1984 ከኒልስ የርነ ጋር ኖቤል ተሸለሙ። ከዚያ ወዲህ የአንዲት አይጥ ጣፊያ ለዓለም ሁሉ ላቦራቶሪ የሚበቃ ፋብሪካ መሆን ቻለ።

ሥራው በተግባር ምን እንደሚመስል ለማየት ማንኛውም የነርቭ ሳይንስ ላቦራቶሪ መግባት ይበቃል። ጠረጴዛው ላይ ባለው ጉድጓዳማ የፕላስቲክ ሳህን ውስጥ የትልቁ ላቦራቶሪ አይጥ አንጎል ቁራጮች ጨው ባለው ውኃ ላይ ይንሳፈፋሉ። ውፍረታቸው 40 ማይክሮን ነው፤ ከፀጉር ይቀጥናሉ። በመቆንጠጫ ከተያዙ ይቀደዳሉ፤ ስለዚህ ተማሪው የሚጠቀመው ሰዓሊ የሚይዘውን ዓይነት ቀጭን ብሩሽ ነው። ቁራጩ ብሩሹ ጫፍ ላይ ይጠቀለላል፤ ወደሚቀጥለው ጉድጓድ ሲወርድ ውኃው ይዘረጋዋል። መጀመሪያ የሕዋሱን ሽፋን የሚበሳ ኬሚካል፣ ቀጥሎ የፍየል ሴረም ይሰጠዋል። ሴረሙ አንቲቦዲ ያለቦታው ሊጣበቅ የሚችልበትን ስፍራ ሁሉ አስቀድሞ ይሞላል። ከዚያ ከትንሿ አይጥ የተገኘው ዋናው አንቲቦዲ በጥቂት ማይክሮሊትር ተለክቶ ይገባና ሳህኑ 4 ዲግሪ ባለው ማቀዝቀዣ ውስጥ ቀስ ብሎ እየተወዛወዘ ያድራል።

ጠዋት ላይ ደጋግሞ ማጠብ ነው። ቀጥሎ ሁለተኛው አንቲቦዲ ይመጣል። ይህኛው ከፍየል የተገኘ ሲሆን ሥራው የመጀመሪያውን አንቲቦዲ መያዝ ነው፤ ቀለሙን የተሸከመውም እሱ ነው። ብርሃን ቀለሙን ስለሚያጠፋው ከዚህ በኋላ ሳህኑ በፎይል ተጠቅልሎ ይቀመጣል። በመጨረሻ ቁራጩ ስላይድ ላይ ተነጥፎ፣ መብራት ጠፍቶ፣ በኮንፎካል ማይክሮስኮፕ ይታያል። ከጉድጓዶቹ አንዱ ግን ዋናው አንቲቦዲ ሆን ተብሎ ያልገባበት ነው። እሱ ቢያበራ የሁለት ቀን ሥራ ከንቱ ቀረ ማለት ነው፤ ቀለሙ የተያዘው በተፈለገው ፕሮቲን ምክንያት አይደለምና። ጥንቁቅ ተመራማሪ ማይክሮስኮፕ ሥር መጀመሪያ የሚያስገባው ይህን ባዶውን ነው። ችኩሉ የሚያምረውን ያስቀድማል።

ኒዩኤንን የያዘው አንቲቦዲ የተወለደው በአሜሪካዋ ዩታ ግዛት ነው። ሪቻርድ ማለንና ሁለት ባልደረቦቻቸው ከአንጎል ሕዋሳት ያጣሩትን አስኳል አይጦች ላይ ወጉ። ምን እንደሚያገኙ አስቀድመው አልወሰኑም፤ አይጦቹ የሚሰጧቸውን አንቲቦዲ አንድ በአንድ ቁራጭ ላይ እየሞከሩ የሚያበራውን ጠበቁ። ኤ60 የሚል ቁጥር የተሰጠው አንቲቦዲ የነርቭ ሕዋሳትን አስኳል ብቻ ለይቶ አበራ። በ1992 አሳተሙት። የተያዘውን ፕሮቲን ስላላወቁት «የነርቭ ሕዋስ አስኳል» ለማለት ኒዩኤን አሉት። ስሙ እንግዲህ ማንነቱን ሳይሆን የታየበትን ቦታ ነው የሚናገረው። ከዚያ በኋላ ያለው ፍጥነት አስደናቂ ነው። አንቲቦዲው ለገበያ ቀረበ፤ በየላቦራቶሪው ማቀዝቀዣ ገባ፤ ስለ አንጎል ጉዳት፣ ስለ አልዛይመር፣ ስለ ሚጥል በሽታ የሚጻፉ ጽሑፎች በእሱ ተመሰከሩ።

ማንነቱ የታወቀው ከ17 ዓመት በኋላ ነው። በ2009 ቤተዝዳ በሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የሚሠሩት ኪም፣ አደልስታይንና ካዋሞቶ ኒዩኤን ማለት ፎክስ-3 መሆኑን አሳዩ። ፎክስ-3 ከጂን የተቀዳው አርኤንኤ ተቆራርጦ ሲገጣጠም የትኛው ክፍል እንደሚቀርና የትኛው እንደሚወጣ የሚወስኑ ፕሮቲኖች ቤተሰብ አባል ነው። የ86 ቢሊዮኑ ቆጠራም የታተመው በዚያው ዓመት ነበር። እኔ ይህን እንደ ቅሌት አላየውም፤ ኤ60 የተባለው መሣሪያ በሚገባ ይሠራ ነበርና። ይልቅ የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ለረጅም ጊዜ ሲሠራ ማንም ስለማይጠይቀው መሆኑ ነው።

ማለን ራሳቸው በመጀመሪያው ጽሑፍ ላይ ያስቀመጡት ማሳሰቢያ ነበር፤ ቀለሙን የማይይዙ የነርቭ ሕዋሳት አሉ የሚል። የትንሹን አንጎል ቁራጭ በኒዩኤን አንቲቦዲ ቀብቶ ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። የጥቃቅኖቹ ሕዋሳት ንብርብር ጥቅጥቅ ብሎ ያበራል። ከሱ አጠገብ ደግሞ በአንድ ረድፍ፣ በተመጣጠነ ርቀት፣ ጨለማ የሆኑ ክብ ቦታዎች ይታያሉ። እነዚያ ባዶ ቦታዎች አይደሉም፤ ፑርኪንየ ሕዋሳት ናቸው። በአንጎል ውስጥ ካሉት የነርቭ ሕዋሳት ሁሉ በግዝፈታቸውና በቅርንጫፋቸው ብዛት የሚታወቁት፣ ሰውነታችን ሚዛኑን ጠብቆ እንዲንቀሳቀስ ከትንሹ አንጎል ቅርፊት ትዕዛዝ የሚያወጡት እነሱ ናቸው። የነርቭ ሕዋስ መሆናቸውን የሚጠራጠር የለም። ኒዩኤን ግን አያውቃቸውም። ሽታን የሚያስተናግዱት ማይትራል ሕዋሳትና ዓይን ውስጥ ያሉት ብርሃን ተቀባዮችም እንዲሁ ጨለማ ናቸው። ካልቢንዲን የተባለውን ፕሮቲን የሚይዝ ሌላ አንቲቦዲ ቢጨመር እነዚያው ፑርኪንየዎች እስከ ቅርንጫፋቸው ጫፍ ያበራሉ። ከ69 ቢሊዮን ጎን ቁጥራቸው ኢምንት ስለሆነ የሪዮውን ቆጠራ አያዛቡትም። ፑርኪንየ ሕዋሳትን የሚያጠፋ በሽታ የሚያጠና ሰው ግን በኒዩኤን ብቻ ቢተማመን ጤነኛውንም የታመመውንም አንጎል አንድ አድርጎ ያየዋል።

የአንቲቦዲው ዝምታ ሌላም መልክ አለው። በ2004 የአንካራ ተመራማሪዎች የአይጦችን የአንጎል ደም ሥር ለአጭር ጊዜ ዘግተው ከፈቱ በኋላ ቁራጮቹን በኒዩኤን መረመሩ። ብዙ ሕዋሳት ቀለም መያዝ አቁመዋል። የለመደ ዓይን ወዲያው «ሞተዋል» ይላል፤ በሌላ ዘዴ ሲታዩ ግን ሕዋሳቱ በቦታቸው ነበሩ። የጠፋው ሕዋሱ ሳይሆን አንቲቦዲው የሚጨብጠው ገጽታ ነው። ለስትሮክ የታሰበ መድኃኒት በዚህ መለኪያ ሲፈተን ምን ያህል የተሳሳተ ሒሳብ ሊወጣ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

የኢትዮጵያ አንባቢ ይህን ነገር በሌላ በኩል ሳያውቀው አይቀርም። በጤና ኬላ የጣት ደም ወስዳ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የምታስቀምጠው የወባ ፈጣን መመርመሪያ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ለዓመታት በሰፊው ሲሠራበት በቆየው ዓይነት ወረቀቱ ላይ ያለው አንቲቦዲ ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተውሳክ የሚያመርተውን ኤችአርፒ-2 የተባለ ፕሮቲን ይይዛል፤ ሲይዝ ቀይ መስመር ይወጣል። በ2021 የታተመ ጥናት በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ክልሎች ከ12,500 በላይ ሰዎችን መርምሮ አንዳንዶቹ ተውሳኮች ይህን ፕሮቲን የሚሠራውን ጂን ከናካቴው እንደጣሉት አረጋገጠ። ሰውየው ወባ አለበት፤ ተውሳኩ ደሙ ውስጥ አለ፤ መስመሩ ግን አይወጣም። ጥናቱ በዚህ ምክንያት ሊያመልጡ የሚችሉትን የፋልሲፓረም ታማሚዎች ከመቶ 10 ገደማ አድርጎ ገምቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ምርመራው እንዲለወጥ የሚመክረው ይህ ቁጥር ከመቶ 5 ሲያልፍ ነው። አንቲቦዲው አልተበላሸም። የሚይዘው ነገር ነው የሌለው።

ቀለም ባለመያዝ ላይ የተነሣው ትልቁ ጠብ ግን የሰውን ልጅ አንጎል የሚመለከት ነው። አዋቂ ሰው አዲስ የነርቭ ሕዋስ ያበቅላል ወይስ አያበቅልም?

ለብዙ ዘመን መልሱ አያበቅልም ነበር። በ1960ዎቹ ጆሴፍ አልትማን የአዋቂ አይጦች አንጎል ውስጥ አዳዲስ ሕዋሳት እንደሚወለዱ ቢያሳዩም ሰሚ አላገኙም። በ1998 ፒተር ኤሪክሰንና ፍሬድ ጌጅ በሰው ላይ ማስረጃ አመጡ። አምስት የካንሰር ታማሚዎች የዕጢያቸው ዕድገት እንዲታወቅ ብሮሞዲኦክሲዩሪዲን የተባለ ንጥረ ነገር ተወግተው ነበር። ይህ ንጥረ ነገር የሚገባው በመከፋፈል ላይ ያለ ሕዋስ ዲኤንኤ ውስጥ ብቻ ነው። ታማሚዎቹ ካረፉ በኋላ የማስታወስ ችሎታ ማዕከል የሆነው ሂፖካምፐሳቸው ተመረመረ። አንዱ አንቲቦዲ የተወጋውን ንጥረ ነገር ሲይዝ ሌላው ኒዩኤንን ያዘ። ሁለቱም ያበሩበት ሕዋስ ከመርፌው በኋላ የተወለደ የነርቭ ሕዋስ ነው። በ2013 የስዊድኑ ዮናስ ፍሪሰን ቡድን ፍጹም የተለየ ሰዓት ይዞ መጣ። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ መጀመሪያ የተደረጉት የኑክሌር ቦምብ ሙከራዎች በአየር ላይ የበተኑት ካርቦን-14 ሕዋስ ሲወለድ ዲኤንኤው ውስጥ ይታተማል፤ መጠኑም የትውልድ ዘመኑን ይናገራል። ቡድኑ በአንድ በኩል ባለው ሂፖካምፐስ በቀን 700 ያህል የነርቭ ሕዋሳት እንደሚጨመሩ አሰላ። እዚህም የነርቭ ሕዋሱን አስኳል ከሌላው ለይቶ ያወጣው የኒዩኤን አንቲቦዲ ነው።

በመጋቢት 2018 አርቱሮ አልቫሬዝ-ቡይያ የሚመሩት የሳን ፍራንሲስኮ ቡድን ይህን ሁሉ የሚያናውጥ ጽሑፍ አሳተመ። 59 ናሙናዎችን መርምረዋል፤ 37ቱ ከሟቾች፣ 22ቱ ለሚጥል በሽታ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ሰዎች የተወሰዱ ናቸው። የተጠቀሙበት ዋና ምልክት ዳብልኮርቲን ነው፤ ለጋ የነርቭ ሕዋስ ወደ ቦታው ሲጓዝ የሚያመርተው ፕሮቲን። በጨቅላዎቹ ሂፖካምፐስ ውስጥ የዳብልኮርቲን ብርሃን በብዛት ታየ፤ ከአንድ ዓመት ዕድሜ በኋላ ቀነሰ፤ ለጋ ሕዋስ የታየበት ትልቁ ልጅ የ13 ዓመት ነበር። አዋቂዎቹ ላይ ምንም። በወሩ ደግሞ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዋ ማውራ ቦልድሪኒ ከ14 እስከ 79 ዓመት የሆናቸውን 28 ሟቾች መርምረው ለጋ ሕዋሳት በሺዎች አሉ አሉ። ሁለቱ ቡድኖች የሚያዩት ያንኑ የአንጎል ክፍል፣ የሚፈልጉትም ተመሳሳይ ፕሮቲን ነው።

እንዴት እንዲህ ሊሆን ቻለ? የማድሪዷ ማሪያ ዮረንስ-ማርቲን በ2019 ያመጡት መልስ ከአንጎሉ ሳይሆን ከማሰሮው የተገኘ ነው። ሰው ሲሞት አንጎሉ እንዳይበሰብስ ፎርማሊን መሰል ኬሚካል ውስጥ ይነከራል። ኬሚካሉ ፕሮቲኖቹን እርስ በርስ ሰፍቶ ያጸናቸዋል፤ በዚያው ልክ አንቲቦዲው የሚጨብጠውንም ገጽ ይሸፍነዋል። የሞት ምርመራ ክፍሎች አንጎልን ለወራት እንዲህ አቆይተው ማስቀመጣቸው የተለመደ ነው። ዮረንስ-ማርቲን የአንድ ሰው ሂፖካምፐስ ቁራጮችን ለተለያየ ጊዜ አቆይተው አነጻጸሩ። ለአጭር ሰዓታት የቆየው ላይ የዳብልኮርቲን ብርሃን ፍንትው አለ፤ ጊዜው በረዘመ ቁጥር ከዚያው ሰው አንጎል ላይ ደበዘዘ፣ ጠፋም። በጥንቃቄ ባዘጋጁት ናሙና ከ43 እስከ 87 ዓመት የሆናቸው 13 ጤነኛ ሰዎች ሂፖካምፐስ በለጋ ሕዋሳት የተሞላ ነበር፤ በአልዛይመር ታማሚዎቹ ላይ ግን ቁጥሩ አሽቆልቁሏል።

ጉዳዩ በዚህ ተዘጋ ያለ ይሳሳታል። የሳን ፍራንሲስኮዎቹ መልስ ነበራቸው፤ እነሱ ዘንድ ከቀዶ ሕክምና በቀጥታ የመጣ፣ በኬሚካል ብዙ ያልቆየ ናሙናም ምንም አላሳየም። በተጨማሪም በአዋቂ አንጎል ላይ ያበሩት ሕዋሳት ለጋ አይመስሉም ይላሉ። ክብና ትልልቅ ናቸው፤ የሚጓዝ ሕዋስ ቅርጽ የላቸውም፤ እና አንቲቦዲው የያዘው ዳብልኮርቲን ስለመሆኑ ወይም ዳብልኮርቲን በአዋቂ ሰው ዘንድ ለጋነትን ብቻ ስለማመልከቱ ምን ዋስትና አለ? አንዱ ወገን ዝምታው አይታመንም ሲል ሌላው ብርሃኑ አይታመንም ይላል። በእኔ ዓይን ሁለተኛው ጥያቄ ይበልጥ ከባድ ነው። ያላበራ ነገር ቢያንስ ጥርጣሬ ይጭራል፤ የሚያምር አረንጓዴ ሥዕል ግን በመጽሔት ሽፋን ላይ ይወጣል።

ይህን ጥርጣሬ ከፍ ባለ ድምፅ ካሰሙት መካከል የአንድ የነርቭ ሳይንስ መጽሔት ዋና አዘጋጅ የነበሩት ክሊፎርድ ሴፐር ይገኙበታል። ከ2003 ጀምሮ ደራሲዎች አንቲቦዲያቸው የሚይዘውን ነገር በእርግጥ እንደሚይዝ ማስረጃ እንዲያቀርቡ አጥብቀው ይጠይቁ ነበር። ምክንያታቸው ግልጽ ነው። ፕሮቲኑን የሚሠራው ጂን ተነቅሎ የወጣለት አይጥ አንጎል ላይ ያው አንቲቦዲ ያንኑ ሥዕል ሲያበራ የተያዘባቸው ጊዜያት ነበሩ። ፕሮቲኑ በሌለበት የሚያበራ አንቲቦዲ በፍርድ ቤት ወንጀሉ ሳይፈጸም አየሁ እንደሚል ምስክር ነው። በ2015 ከመቶ በላይ ሳይንቲስቶች የፈረሙበት ጥሪ በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ ለማይሠሩ አንቲቦዲዎች የሚባክነው ገንዘብ 800 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደሚደርስ ገመተ።

ግምቱን በተግባር የፈተሸው በሞንትሪያል የሚገኘው ዋይካሮስ የተባለ ፕሮጀክት ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ሁለት የሕዋስ ዝርያዎች ጎን ለጎን ይያዛሉ፤ በአንዱ የሚፈለገው ጂን አለ፣ ከሌላው ወጥቷል። አንቲቦዲው በሁለቱም ላይ ካበራ ተሸናፊ ነው። በ2023 ከነርቭ ሳይንስ ጋር ግንኙነት ያላቸውን 65 ፕሮቲኖች እንይዛለን የሚሉ 614 የገበያ አንቲቦዲዎችን ፈትነው ከግማሽ የሚበልጡት ቢያንስ በአንዱ ፈተና ወደቁ። በአማካይ ለእያንዳንዱ ፕሮቲን 12 ያህል የታተሙ ጽሑፎች በወደቀ አንቲቦዲ የተገኘ መረጃ ይዘው ተገኙ። መልካሙ ዜና ለአብዛኞቹ ፕሮቲኖች ቢያንስ አንድ ጥሩ አንቲቦዲ ገበያ ላይ መኖሩ ነው፤ በተለይ የተሠሩበት የጂን ቅደም ተከተል የሚታወቅላቸው ሪኮምቢናንት የሚባሉት ከሌሎቹ በልጠው ታይተዋል። ሻጮቹም ከወደቁት ውስጥ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ከመደርደሪያ አወረዱ፤ የበርካቶቹን መመሪያ ለወጡ።

ይህ ፈተና ለአይጥና በሳህን ለሚያድግ ሕዋስ ያገለግላል። ከሞተ ሰው አንጎል ግን ጂን ነቅሎ ማነጻጸሪያ መሥራት አይቻልም። ስለዚህ ስለ ሰው ሂፖካምፐስ የሚከራከሩት ሰዎች ፊታቸውን ወደ አርኤንኤ አዞሩ፤ የእያንዳንዱን አስኳል የአርኤንኤ ስብስብ በማንበብ ሕዋሱ ለጋ ይሁን ያረጀ በብዙ ሺህ ጂኖች መለየት ይቻላል። በጁላይ 2025 የፍሪሰን ቡድን እስከ 78 ዓመት ከሆናቸው ለጋሾች በተገኘ ናሙና በመከፋፈል ላይ ያሉ የነርቭ ሕዋስ ምንጮችን እንዳገኘ አሳተመ። በብዛት የማይገኙትን እነዚህን አስኳሎች ከሌሎቹ መካከል ለማጥመድ የረዳው ደግሞ ኪ-67 የተባለውን የመከፋፈል ምልክት የሚይዝ አንቲቦዲ ነበር። በአንዳንዶቹ አዋቂዎች አንጎል ውስጥ ሕዋሳቱ በርከት ብለው ተገኝተዋል፤ በሌሎቹ ግን ፈልገው አጥተዋቸዋል።